ሕመሙ ጠፋ ማለት ጅማቱ ዳነ ማለት ነውን?

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሴኮንድ ብቻ ቀድሞ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ስለዚያ ሩጫ ብዙ ቢነገርም፣ ኃይሌ የተወዳደረው የተረከዙ ጅማት እያመመው እንደነበር ግን እምብዛም አይነሣም። ከውድድሩ በኋላ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና ታከመ። ወደ ትልቅ ውድድር የተመለሰው ከ10 ወራት በኋላ፣ በነሐሴ 1993 ዓ.ም. በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሲሆን፣ በዚያም ሦስተኛ ወጣ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ጊዜ ወደ ሥራው ይመለሳል። ታዲያ ጅማት ይህን ያህል ጊዜ የሚፈልገው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ እንመረምራለን።

የጅማት አሠራር

በዕለት ተዕለት ንግግራችን ጅማት የምንለው ሁለት የተለያዩ አካላትን ነው። አንደኛው አጥንትን ከአጥንት ጋር ያስራል፤ ሁለተኛው ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያገናኛል። የተረከዝ ጅማት ከሁለተኛው ወገን ነው። የባትን ጡንቻ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያገናኝ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከሰውነታችን ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። ስንሮጥ ከክብደታችን 6 እጥፍና ከዚያም በላይ የሆነ ኃይል ያርፍበታል። ይህም ማለት 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ በእያንዳንዱ እርምጃው ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ የሚሆን ጭነት በአንድ ጅማት ላይ ያሳርፋል ማለት ነው።

በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ያደገ አንባቢ እንሰት ሲፋቅ የሚገኘውን ቃጫ ያውቃል። አንዲት ክር ብቻዋን ብትበጠስም፣ ብዙ ክሮች በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ሲገመዱ በሬ የሚታሰርበት ገመድ ይሆናሉ። ጅማትም እንዲሁ ነው። ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ቀጫጭን ክሮችን ይሠራል፤ ክሮቹ ወደ ጥቅሎች፣ ጥቅሎቹም ወደ ጅማት ያድጋሉ። የጥንካሬው ምሥጢር ክሮቹ በሚጎተቱበት አቅጣጫ መሰለፋቸው ነው።

ለምን በዝግታ ይድናል?

ጅማት ከጡንቻ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ሕዋሳትና አነስተኛ የደም ዝውውር ስላለው የሚጠገነው በዝግታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በዴንማርክ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት በዚህ ላይ አስደናቂ ማስረጃ ሰጥቷል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተደረጉ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች በከባቢ አየር ውስጥ የካርቦን 14ን መጠን ጨምረው ነበር። ተመራማሪዎቹ በተረከዝ ጅማት ውስጥ ያለውን ይህን ካርቦን ለክተው፣ የጅማቱ ውስጠኛ ክፍል በ17 ዓመት ዕድሜ ገደማ ከተገነባ በኋላ ከቶ እንደማይታደስ ለማለት የሚቻል ውጤት አገኙ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዛሬ የያዘው ጅማት ዕድሜውን ሙሉ የሚሸከመው ነው።

ጉዳት ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብግነት ይታያል። በቀጣዮቹ ሳምንታት አዲስ ኮላጅን ቢሠራም ክሮቹ ገና እንዳልተገመደ ቃጫ የተዘበራረቁ ናቸው። ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ፣ ዓመትና ከዚያም በላይ በሚወስድ ሂደት፣ ክሮቹ ቀስ በቀስ ይሰለፋሉ። የሚሰለፉትም ጅማቱ በልክ ሲጎተት ነው። ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ይጠፋል። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

መበጠስና ሕክምናው

ጅማት ከመታመም አልፎ ሊበጠስም ይችላል። አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኬቪን ዱራንት በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ባቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ለአንድ ወር ያህል ከሜዳ ራቀ። በሰኔ ወር ወደ ፍጻሜው ጨዋታ በተመለሰበት ዕለት የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ መደበኛ ውድድር የተመለሰው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም.፣ ከ18 ወራት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ።

ጅማቱ የተበጠሰበት ሰው ብዙ ጊዜ ከኋላው የተመታ ይመስለዋል። መለያው ቀላል ነው። ሰውየው በሆዱ ተኝቶ እግሮቹ ከአልጋው ጠርዝ ወጣ እንዲሉ ይደረግና ባቱ በእጅ ጨመቅ ይደረጋል። ጤነኛ እግር ጫፉ ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ጅማቱ የተበጠሰበት ግን አይንቀሳቀስም። እንዲህ ከሆነ ወደ ወጌሻ ሄዶ ማሳሸት ጊዜ ያባክናል፤ ሳምንታት ባለፉ ቁጥር የተለያዩት ጫፎች እየተራራቁ ጥገናው ይከብዳል። ስለዚህ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ሕክምናው የግድ ቀዶ ጥገና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና 526 ሕሙማንን ያካተተ የኖርዌይ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የእግራቸው አገልግሎት በሁለቱም መንገድ ተመሳሳይ እንደነበር አሳይቷል። ይሁንና ያለ ቀዶ ጥገና ከታከሙት 6.2 በመቶው፣ ከተቀደዱት ደግሞ 0.6 በመቶው ዳግመኛ ተበጥሶባቸዋል። በአንጻሩ የነርቭ ጉዳት በተቀደዱት ላይ በዝቶ ታይቷል።

ምን እናድርግ?

ላልተበጠሰ ነገር ግን ለሚያም ጅማት የስዊድኑ ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበው ልምምድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጫፍ ቆሞ፣ በጤነኛው እግር ከፍ ብሎ፣ በታመመው ተረከዝን በዝግታ ዝቅ ማድረግ ነው። 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንታት ይደረጋል። ልምምዱን የፈጸሙት 15 ሯጮች ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል። ልምምዱ ጅማቱ ገና ለተበጠሰ ሰው አይሆንም።

መድኃኒትም ልብ ይሏል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰሎቹ ፀረ ባክቴሪያዎች ጅማትን ለመበጠስ ሊያጋልጡ ስለሚችሉ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲታከልባቸው አዟል። በመሆኑም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ አይገባም፤ በሚወሰዱበት ጊዜ ተረከዝ ካመመ ስፖርቱን አቁሞ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ኃይሌም ቢሆን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መንገዱ ቀና አልነበረም። በ1994 ዓ.ም. መስከረም ብሪስቶል ላይ የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ግን ጅማቱ ዳግም አስቸግሮት አምስተኛ ወጣ። በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ የሮጠው በመስከረም 2001 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ወደ ሜዳ ለመመለስ መለኪያችን የሕመም መጥፋት ብቻ አይሁን። በአንድ እግር ጫፍ ቆመን ተረከዛችንን በጤነኛው እግር 25 ጊዜ ማንሣት ከቻልን፣ በተጎዳውም ያንኑ ያህል፣ በዚያው ከፍታ ማንሣት እስክንችል ድረስ ልምምዱን እንቀጥል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ዝላዩንና ፍጥነቱን ሳምንት በሳምንት እንጨምር እንጂ በአንድ ቀን አንመለስ።