ሸረሪቷን ማን ከሰሳት?

 

ከእንቅልፉ ሲነሳ አንገቱ ወይም ክንዱ ላይ የሚያቃጥል ቁስል አግኝቶ «ሸረሪት ሸንታብህ ነው» ያልተባለ ሰው በመካከላችን ይኖር ይሆን? በአዲስ አበባም ሆነ በወሎ ይህ ፍርድ የታወቀ ነው። እኔም ሳልጠይቅ አምኜው ኖሬያለሁ። ይህ ያመንኩት ወሬ ግን አንድ ሕፃን ሊያሳጣን ደርሶ ነበርና፣ የደረሰብኝን ነግሬ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የሆነው ከሚሴ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ከሚሴ የጨፋ ሸለቆ ከተማ ናት። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ሸለቆውን ያጠጣል። በክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ በበጋ ደግሞ አርብቶ አደሮች ከአፋር ጭምር ከብቶቻቸውን ይዘው ለሣሩ ይመጣሉ። ውሃና ሣር ባለበት ነፍሳት አይጠፉም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ማታ መብራት በርቶ መስኮት ክፍት ከተተወ፣ ግድግዳው በትንኝ፣ በእሳት ራትና በጥንዚዛ ይሞላል።

በአንድ የመስከረም ወር እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ፣ የአራት ዓመት ልጇ ጠዋት ሲነሳ ከጆሮው ሥር እስከ አንገቱ አለንጋ ያረፈበት የሚመስል ቀይ ሰንበር ወጥቶበት አገኘነው። በማግስቱ ቁስሉ ውሃ ቋጠረ። አያቴ አዩትና «ሸረሪት ሸንታበት ነው፤ ቤቱን ድር በድር አድርጋችሁት!» አሉ።

«እማማ፣ ሸረሪት የዋሻዋ ባለውለታ ናት፣ አትንኳት ይሉን አልነበር?» አልኳቸው።

«ያቺ የዋሻዋ ናት ልጄ፤ ይቺ ሌላ ናት» ሲሉ መለሱልኝ።

የተማርኩ ነኝ ባዩ እኔ ገበያ ወረድኩ። በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ስምም ምልክትም የሌለው የእርሻ መድኃኒት ገዛሁ። ሻጩ «ለማሽላ ነው፣ ለትኋንም ይሆናል» አለኝ። ድሩን ሁሉ ጠርጌ ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የአልጋውን ሥር በእጄ ረጨሁ። ማታ ልጁን እዚያው ክፍል አስተኛነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ምራቁ ይዝረበረብ፣ ያስመልሰው፣ ላብም ያጠምቀው ጀመር። ተሸክመን ወደ ሐኪም ሮጥን። ሐኪሙ ዓይኑን በባትሪ አየ፤ ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ ነበር። «ቤት ውስጥ ምን ረጫችሁ?» ሲል ጠየቀ። አንገቴን ደፋሁ። እንደ ማላታይን ያሉ የእርሻ መርዞች የነርቭን ሥራ የሚያዛቡ ናቸውና፣ ማርከሻው ተሰጥቶት፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሦስተኛው ቀን ድኖ ወጣ።

ስለ አንገቱ ቁስልም የገለጠልኝ ያው ሐኪም ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም ጉዳዩን አንብቤ አጣርቻለሁ።

እውነተኛው ተከሳሽ

ቁስሉን የሚያመጣው ሸረሪት ሳይሆን ፔዴረስ የምትባል ትንሽ ጥንዚዛ ናት። በምሥራቅ አፍሪካ «የናይሮቢ ዝንብ» እየተባለች ትጠራለች፤ ዝንብ ግን አይደለችም። ርዝመቷ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሞላ ነው። ጭንቅላቷ ጥቁር፣ ደረቷና ሆዷ ብርቱካንማ፣ አጭር የክንፍ ሽፋኗ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነው። ረግረግና የመስኖ እርሻ ትወዳለች፤ ማታ ወደ መብራት ትመጣለች። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ በብዛት ትፈላለች። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1998 በኤልኒኞ ዝናብ ወቅት ኬንያን ያስጨነቀችው እሷ ናት።

ይህች ጥንዚዛ አትነክስም፣ አትናደፍም። ጉዳቱ የሚመጣው እኛ አንገታችን ላይ ስትሄድ በእጃችን ስንጨፈልቃት ነው። በደሟ ውስጥ ያለው ፔደሪን የሚባል መርዝ ቆዳን ያቃጥላል። ቁስሉ የሚወጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ጥፋተኛዋን የሚያስታውስ የለም። ዓይናችን ግን ጣሪያው ላይ ድሯን ዘርግታ የተቀመጠችውን ያያል። በዚያው ትፈረድባለች!

ሌላም አለ። በአንድ የሰውነት ጎን እንደ መቀነት ተዘርግቶ የሚወጣው፣ ክፉኛ የሚጠዘጥዘው ቁስል ብዙ ጊዜ አልማዝ ባለጭራ ነው። ይህም በልጅነት ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ ሲቀሰቀስ የሚመጣ በሽታ ነው። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ሲጀመር ነው። «ሸረሪት ነው» ብሎ ቤት የተቀመጠ ሰው እነዚያን ቀናት ያጣቸዋል።

ሸረሪቷስ?

ሸረሪት ስምንት እግር ያላት አዳኝ ናት፤ ከነፍሳት ወገን አትቆጠርም። ሰው ላይ ሸንታ አታቆስልም። እስካሁን ከ50,000 በላይ ዓይነቶቿ ተለይተው የታወቁ ሲሆን፣ መርዛቸው ሰውን ክፉኛ የሚጎዳ ጥቂቶች ናቸው። የቤቷ ሸረሪት ምግብ ዝንብና ትንኝ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ በኬንያና በኡጋንዳ የምትኖር አንዲት ዘላይ ሸረሪት እንዲያውም ደም የጠገበችን የወባ ትንኝ መርጣ እንደምታድን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

የዋሻውን ታሪክ የሐዲስ ሊቃውንት በዘገባው ሰንሰለት ላይ ተነጋግረውበታል፤ ለእነሱ እተወዋለሁ። በቁርኣን ውስጥ ግን 16ኛው ሱራ በንብ፣ 27ኛው በጉንዳን፣ 29ኛው በሸረሪት ስም መጠራቱን ማንም አይክድም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ንብና ጉንዳን እንዳይገደሉ መከልከላቸውም በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ታዲያ በስማቸው ሱራ የተሰየመላቸውን ፍጥረታት እንዴት ሳናውቃቸው እንኖራለን?

እውነተኛ ጠላት ሲመጣ

«ነፍሳት ሁሉ ይኑሩ» ማለቴ አይደለም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ል. የበረሃ አንበጣ በራያ፣ በወሎና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በደረሰው ማሽላና ጤፍ ላይ ሲሰፍር ገበሬው በጅራፍ፣ በቆርቆሮና በጩኸት ተከላከለ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ፣ በቀንም የ35,000 ሰው ምግብ ሊበላ ይችላል። እንዲህ ባለ ጠላት ላይ በባለሙያ እጅ መርዝ መረጨቱ ተገቢ ነው። ያም ቢሆን መርዙ አንበጣውንና ንቡን አይለይም። ለአገር አዝመራ ሲባል የሚከፈለውን ዋጋ፣ ለአንዲት ሸረሪት ሲባል በመኝታ ቤት መክፈል ግን ምን ይባላል?

ምን እናድርግ?

የእርሻ መርዝ ከቤት አይግባ። ምልክት የሌለውን፣ በውሃ ጠርሙስ የተቀዳውን ከቶ አንግዛ። ማታ መስኮት እንዝጋ ወይም ወንፊት እናብጅለት፤ በአጎበር እንተኛ። ጥንዚዛዋ ሰውነታችን ላይ ካረፈች እፍ ብለን እናባርራት እንጂ አንጨፍልቃት። ከተጨፈለቀችም ቦታውን ወዲያው በውሃና በሳሙና እንጠበው፤ በዚያ እጅም ዓይናችንን አንሽ። ቁስል ከወጣ ለሐኪም እናሳይ።

ወሬ ሲደርሰን ማጣራት በዲናችን የታዘዝነው ነው። እኔ ትእዛዙን ለሰው ወሬ ብቻ የተሰጠ አድርጌ ወስጄው ነበር። የልጁ አንገት በሁለት ሳምንት ያለ ጠባሳ ዳነ፤ ያቆሰለው ጥንዚዛ ከነበረ፣ ሊገድለው የደረሰው ግን እኔ ነበርኩ። እህቴ እስከ ዛሬ በዚህ ጉዳይ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣትም። ከሚሴ በሄድኩ ቁጥር ከሁሉ የሚከብደኝ ይኸው ዝምታዋ ነው።

ወላሁ አዕለም።