ሐኪምነት ወይስ የዲን ትምህርት? የሙስሊም ልጃገረዶች ምርጫ

በትምህርቷ የበረታች ሙስሊም ልጃገረድ ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ ብዙ ጊዜ ሁለት መንገድ ይጠብቃታል። አንዱ ሕክምና ነው። ሁለተኛው የዲን ዕውቀት፥ ይኸውም ቁርአንን፥ ሐዲስንና ፊቅህን ጠልቆ መማር ነው። ወላጆች በዚህ ነገር ሲከራከሩ የሚያነሡት «ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል?» የሚለውን ነው። እንደ እኔ አስተያየት ግን ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1111 ያረፉት ሊቅ ኢማም አል ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ ዲን» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ፈርድ ኪፋያ ጽፈዋል። ፈርድ ኪፋያ ማለት ጥቂቶች ከፈጸሙት ለሌሎቹ የሚቀርላቸው፥ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉም የሚጠየቁበት ግዴታ ነው። ሕክምናን ከዚሁ ቈጠሩት። የዘመናቸውንም ሰዎች ሲወቅሱ፥ ሁሉም ወደ ፊቅህ ይሽቀዳደማል፥ ሙስሊም ሐኪም የሌለበት ከተማ ግን ብዙ ነው አሉ። ልብ በሉ፥ ይህን የተናገሩት ራሳቸው የፊቅህ መምህር ናቸው! እንግዲህ በእርሳቸው ሚዛን መጠየቅ የሚገባው «የጐደለው የትኛው ነው?» ተብሎ ነው።

ለሴቶች ሲሆን ሁለቱም ጐድለዋል። አንዲት እናት ሕመሟን ለወንድ ሐኪም ለመግለጥ ታፍራለች። ስለ ወር አበባዋና ስለ ጾሟም ሸኹን ለመጠየቅ እንዲሁ ታፍራለች።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። በ627 በኸንደቅ ጦርነት የቈሰለው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ የታከመው በመዲና መስጊድ፥ በሩፈይዳ አል አስለሚያ ድንኳን ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ከሪማ አል መርወዚያ የምትባል ሴት በመካ የቡኻሪን ሐዲስ ታስተምር ነበር፤ ስመ ጥሩው ኸጢብ አል ባግዳዲም ከእርሷ ዘንድ አንብቧል።

በኋላ ግን በሩ ጠበበ። በ1832 ክሎት ቤይ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በግብጽ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሲከፍት፥ ልጁን የሚሰጥ ቤተ ሰብ ስለ ጠፋ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከባሪያ ገበያ የተገዙ የሱዳንና የሐበሻ ልጃገረዶች ሆኑ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ቈየሁ። ዛሬ ወላጅ ሁሉ የሚመኘው ትምህርት በዚያች አገር የተጀመረው ምርጫ ባልነበራቸው ልጆች ነው፤ ከእነርሱም መካከል የአገራችን ልጆች ነበሩ።

የዲን ትምህርትም ቢሆን ለሴት በቀላሉ አልተገኘም። «ቢንት አሽ ሻጢእ» በሚል የብዕር ስም የታወቀችው ግብጻዊቷ ዓኢሻ ዐብዱረሕማን በ1913 ተወለደች። አባቷ የዲን መምህር ሲሆኑ፥ ትምህርት ቤት መግባቷን ተቃወሙ፤ እናቷ ግን ረዷት። በ1950 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘች፤ በ1962ም የቁርአን ተፍሲሯን የመጀመሪያ ክፍል አሳተመች።

በ1961 ደግሞ የግብጽ መንግሥት ባወጣው ሕግ አል አዝሀር ለሴቶች ተከፈተ፤ በዚያው ሕግ ሕክምናም ከትምህርቶቹ ተጨመረ። ሁለቱ መንገዶች በአንድ አጥር ግቢ ተገናኙ ማለት ነው።

ታዲያ ሁለቱንም መማር አይቻልምን? በ1288 በካይሮ ያረፈው ኢብን አን ነፊስ ደም በሳንባ በኩል እንዴት እንደሚያልፍ የገለጠ ሐኪም ሆኖ ሳለ ፊቅህም ያስተምር ነበር። ዳሩ ግን ልጅ አዝሎ አልተማረም! ለሴት ልጅ ከባዱ ነገር የዓመቱ ርዝመት ነው። ሐኪም ለመሆን ስድስትና ሰባት ዓመት፥ ለልዩ ሞያም ተጨማሪ ያስፈልጋል። ኪታብ ለመቅራትም ደረሳ ብዙ ዓመት ይቀመጣል። ጋብቻና ልጅም ይህንኑ ዕድሜ ይሻማሉ።

እኔን የሚያሳዝነኝ ነጥቧ ከፍ ያለ ልጅ ሳትጠየቅ ወደ ሕክምና መላኳ፥ የዲን ትምህርትም ነጥብ ላነሣት መጽናኛ መደረጉ ነው። ዲን የደከመ አእምሮ የሚጣልበት ነውን? በክፍላችን በባዮሎጂ ከሁላችንም የምትበልጥ አንዲት ልጅ አለች። ከአያቷ ዘንድ ኪታብ ቀርታ፥ ዛሬ የሰፈሯ ሴቶች ከመግሪብ በኋላ እየመጡ ይጠይቋታል። አባቷ ሕክምናን፥ አያቷ ቂርአትን ይላሉ። እርሷ ራሷ የምትሻውን ግን እስከ አሁን የጠየቃት የለም፤ የዩኒቨርሲቲውም ቅጽ የሚሞላው በሚቀጥለው ወር ነው።