ተኩላን በስንት ትምህርት እናስተምር?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስናስጠና አንድ ነገር አስተውለናል። ባዮሎጂው ለብቻ፣ ተናኽ ለብቻ፣ ጂኦግራፊው ለብቻ ሲሆን፣ ልጆቹ ሁሉንም በፈተናው ማግስት ይረሱታል። ስለዚህ አንድ እንስሳ መርጠን ትምህርቶቹን በእሱ ዙሪያ ማሰባሰብ ይሻላል እንላለን። የመረጥነው ተኩላን ነው።

ከመጽሐፍ እንጀምር። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 49 ያዕቆብ ብንያምን በተኩላ ይመስለዋል። በኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ደግሞ ተኩላና በግ አብረው ይኖራሉ። ያው እንስሳ እንዴት አንዴ ለኃይል፣ አንዴ ለሰላም ምሳሌ ሆነ? ተማሪው መልሱን የእረኛን ኑሮ ሲያስብ ያገኘዋል፤ በጎቹን በተኩላ ያጣ ሰው ከዚህ የበለጠ ሰላም ሊያስብ አይችልም።

ቀጥሎ ጉዞ ነው። የጎላን ተኩላ ገዘፍና ጠቆር፣ የነጌቭ ተኩላ አነስና ፈዘዝ ያለ ነው። ብርድና በረሃ አካልን እንዴት እንደሚለውጡ ከቦታው ላይ ሆኖ ማየት ይቀላል። ተኩላውን ባናገኘው እንኳ ዱካውን እናነባለን። ጎላን ላይ አንድ ክርክርም አለ፤ ተኩላው በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ጥጃ የተበላበት አርቢ ጉዳትም እውነት ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ቡድን ሆነው ይከራከሩበት።

ከዚያ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የብዙዎቻችን አያቶች ያደጉት በጎንደርና በስሜን ነው። በስሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ በዓለም የትም የለም። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ሳይንስ ከተኩላ ዘመዶች ይመድበዋል። በቡድን ይኖራል፣ አይጥና ፍልፈል ሲያድን ግን ለየብቻው ነው። ዛሬ አዋቂዎቹ ከ500 ያንሳሉ። እርሻና ግጦሽ መኖሪያውን አጥብበውታል፤ ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታም በባሌ በተደጋጋሚ ፈጅቶታል። ስለዚህ የመንደሩን ውሻ መከተብ ቀይ ቀበሮውንም ማዳን ነው።

የመጨረሻው የቤት ሥራ አጭር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አያቱን በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይጠይቅ፦ ከብት ስትጠብቁ የትኛውን አውሬ ትፈሩ ነበር? ምን ብላችሁ ትጠሩት ነበር? በምን ትከላከሉት ነበር? መልሱን በዕብራይስጥ ጽፎ ክፍል ውስጥ ያንብበው። ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነገራቸው የሚጎድላቸው ነው። በዚያን ቀን ግን ሌላው ሁሉ የማያውቀውን ይዘው ይቆማሉ፤ አስተማሪዋም አያታቸው ናቸው።