የፊልም ፎቶግራፍን ከነጠብጣብ ማጥራት

የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል የተሠራው ከብር ቅንጣቶች ነው። ፊልሙ ሲታጠብ ብርሃን ያረፈበት የብር ጨው ወደ ብር ተለውጦ በዘፈቀደ ይከማቻል፤ በስካነር የተነሣውን ምስል የሚያሻክረው ነጠብጣብም ይኸው ነው። ደጋግሞ ስካን አድርጎ አማካይ መውሰድ የስካነሩን ሁከት ይቀንሳል እንጂ በፊልሙ ላይ የሰፈረውን ነጠብጣብ አያጠፋም።

እያንዳንዱን ፒክስል በራሱና በ8 ጎረቤቶቹ አማካይ ብንተካው፣ የነጠብጣቦቹ ዋጋ እርስ በርሱ የማይዛመድ ከሆነ፣ ሻካራነቱ ወደ 1/3 ይወርዳል። ጠርዝ ግን ይደበዝዛል። ለምሳሌ 50፣ 50፣ 50፣ 200፣ 200፣ 200 የሚል ረድፍ በየ3ቱ አማካይ ሲተካ 50፣ 50፣ 100፣ 150፣ 200፣ 200 ይሆናል።

ጠርዝን ለማጉላት ከዋናው ረድፍ የደበዘዘውን ቀንሰን የልዩነቱን ግማሽ በዋናው ላይ እንደምራለን፤ ውጤቱ 50፣ 50፣ 25፣ 225፣ 200፣ 200 ነው። ይህ ስሌት ነጠብጣብንም ስለሚያጎላ፣ አስቀድሞ ነጠብጣቡን መቀነስ፣ ቀጥሎም ልዩነቱ ከተወሰነ ገደብ በሚበልጥበት ስፍራ ብቻ ማጉላት ይገባል። ከልክ ያለፈ ማለስለስ የፊትን መስመርና የጥበብን ጥለት አብሮ ስለሚያጠፋ የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ።

መልመጃ፦ በአማካይ ፋንታ ሜዲያንን ብትጠቀሙ ከላይ ያለው ጠርዝ ይደበዝዛልን? አስሉና አነጻጽሩ።