ሕዝባዊ አስተዳደርና የአገር ጸጥታ

ዴሞክራሲ ከግሪክ ቋንቋ የተገኘ ቃል ሲሆን ትርጓሜውም የሕዝብ አገዛዝ ማለት ነው። ጸጥታ ደግሞ ሰው በቤቱ፥ በመንገዱና በሥራው ቦታ ያለ ስጋት መኖሩ ነው። አንዳንድ ሰዎች፥ በማደግ ላይ ያለ አገር አስቀድሞ ጸጥታውን ያጽና፥ ዴሞክራሲው ኋላ ይደርሳል ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ከገዛ ምድራችን ማስረጃ አቀርባለሁ።

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ የብዙው ገበሬ ኑሮ በቡና ነው። ቡናው በቀላ ጊዜ ለቃሚ ከቀረ ፍሬው ደርቆ ይረግፋል፤ መንገድ ከተዘጋም የተለቀመው ገበያ አይደርስም። ስለዚህ ጸጥታ ለእኛ የወታደር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በ1994 ዓ.ም. በቴፒ፥ ስለ አካባቢው አስተዳደር የተነሣው ክርክር ወደ ደም መፋሰስ ደርሶ ብዙ የሸኮና የመዠንግር ተወላጆች ሕይወታቸውን አጡ። ጥያቄው የአስተዳደር ጥያቄ ሳለ በመሣሪያ ሊፈታ ተሞከረ። መሣሪያም ጠያቂውን ዝም ያሰኛል እንጂ ጥያቄውን አይመልስም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47፥ የራሱን ክልል ለማቋቋም የሚፈልግ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ የሚጠየቅበትን ሥርዓት ደንግጓል። በዚሁ መሠረት መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የከፋ፥ የሸካ፥ የቤንች ሸኮ፥ የዳውሮ፥ የምዕራብ ኦሞና የኮንታ ሕዝብ ድምፁን ሰጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል 11ኛው ክልል ሆኖ ተመሠረተ። ያን ጊዜ የአስተዳደር ጥያቄ በድምፅ መስጫ ወረቀት መልስ አገኘ።

ይሁን እንጂ ድምፅ መስጠት ብቻውን አይበቃም። በቁጥር ያነሰው ወገንና ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረው ገበሬ ወደ ዳኛ ቀርበው እኩል ካልተሰሙ፥ ፖሊስም ለሕግ ሳይሆን ለወገኑ ካደላ፥ የቀድሞው ቂም በአዲሱም ክልል ውስጥ ይበቅላል።

ቡና ጥላ ባጣ ጊዜ ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ጥላው ሲበዛበት ደግሞ ፍሬው ያንሳል። ስለዚህ ገበሬው ጥላውን ዛፍ ሳይቈርጥ ቅርንጫፉን በልክ ይመለምላል። የጸጥታ ኃይልም እንደዚሁ ነው፤ ከሌለ ሕዝብ ይበተናል፥ በሕግ ካልተገደበም ሕዝብን ያፍናል።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፥ ነገ ከመካከላችን አስተዳዳሪ፥ ዳኛና ፖሊስ የሚሆኑ አሉ። የሕዝብን አቤቱታ ገና በቃል ሳለ ብንሰማው፥ በመሣሪያ እስኪነገረን አንጠብቅም።