የልጆች መጫወቻ በዋርካ ሥር

ዋርካ የመንደር አዳራሽ ነው። ሽማግሌ ዕርቅ ያወርድበታል። ገበያተኛ ያርፍበታል። ከብት ያመሰኳበታል። ልጆችም ገበጣ ይቆፍሩበታል፤ ድብብቆሽ ይጫወቱበታል፤ ገመድ አስረው ዥዋዥዌ ይሉበታል። የከተማ ሰውም ይህንኑ ይሻል። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ መናፈሻ በዛፎች መካከል የልጆች መጫወቻ አለው።

ጨዋታ ለልጅ ሥራው ነው። ሲሮጥ አካሉ ይጠነክራል። ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ተራ መጠበቅን ይማራል። የዛፉ ጥላ ደግሞ ከፀሐይ ይከልለዋል።

አንድ ቀን ማታ ከትምህርት በኋላ አንድ አዛውንት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦

«ልጆቼ፣ ይህ ዋርካ አያቴን ያውቃል። ዘንድሮ ግን ጫፍ ጫፉ ደርቋል። መጥረቢያ የነካው የለም። ታዲያ ምን ሆነብን?»

በማግስቱ አብረን ሄደን አየነው። ሦስት ነገር አገኘን።

አንደኛ፣ በዛፉ ዙሪያ ያለው መሬት እንደ አውድማ ጠጥሯል። ገበሬ ይህን ያውቃል። ከብት የረገጠው መሬት ውሃ አያስገባም፤ ማረሻም ይመልሳል። የዛፍ ሥር እንደ እኛ አየር ይፈልጋል። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከላይ፣ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ጥልቀት ውስጥ ይገኛሉ። ወደ ጎንም ከቅርንጫፉ ጫፍ አልፈው ይሄዳሉ። ጎንደር የሚገኘውን የፋሲል መዋኛ ያየ ሰው የሥርን ጉልበት ያውቃል። እዚያ የትልልቅ ዛፎች ሥር የድንጋዩን ግንብ አቅፎ ይታያል። ነገር ግን ድንጋይ የሚያቅፍ ሥርም አየር ካጣ ይሞታል።

ሁለተኛ፣ ሰው ለመቀመጫ ብሎ ድንጋይ ደርድሮ በግንዱ ዙሪያ አፈር ሞልቷል። አፈር የተቆለለበት ግንድ ቅርፊቱ ሁልጊዜ እርጥብ ይሆናል፤ ቀስ በቀስም ይበሰብሳል። ሲሚንቶ ቢለሰንበት ደግሞ ሥሩ ጭራሽ ይታፈናል።

ሦስተኛ፣ የዥዋዥዌው ገመድ ቅርንጫፉ ውስጥ ገብቷል። ዛፍ ማድረቅ የፈለገ ገበሬ ምን ያደርጋል? ልጡን ዙሪያውን ይልጠዋል። ምክንያቱም ቅጠል ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል ነው። ጠብቆ የታሰረ ገመድም ሥራው ያው ነው።

የዛፍ ሞት ክፋቱ ዘግይቶ መታየቱ ነው። ዛሬ ሥሩ ቢጎዳ ጫፉ የሚደርቀው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማን እንደ ገደለው አይታወቅም።

አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «እንግዲያው ልጆቹ ይባረሩ!» አሉ።

አንዲት እናት ግን መለሱላቸው፦ «አባባ፣ እርስዎስ ልጅ ሆነው የተጫወቱት የት ነው? እዚሁ አይደለም እንዴ? ልጅ ያልተጫወተበትን ዛፍ ነገ ማን የኔ ብሎ ይጠብቀዋል? ይቆርጠዋል እንጂ!»

አዛውንቱ ሳቅ አሉና «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ልጁንም ዛፉንም መጠበቅ ይቻላል። እንዲህ እናድርግ፦

1. በግንዱ ዙሪያ የተቆለለውን አፈር ሥሩን ሳንቆርጥ በእጅ እናንሳ። መሬቱን ለመደልደል ብለን አንቆፍር።

2. በጥላው ሥር ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል አራት ጣት ያህል እናልብስ። ግንዱን ግን አይንካው። ገለባው መሬቱን ያለሰልሳል፤ እርጥበትም ይይዛል። በዚያ አካባቢ እሳት አይነድ።

3. ዥዋዥዌውን ከዛፉ ራቅ አድርገን በሁለት ጠንካራ ምሰሶ ላይ እንሥራ። ከሥሩም ከአንድ ስንዝር በላይ ገለባ ወይም አሸዋ እናድርግ። ልጅ ቢወድቅ ይረዳዋል። ሲሳሳ እንጨምርበት።

4. የመጫወቻውን ቦታ እናፈራርቅ። የግጦሽ መሬት ተከልሎ እንደሚያርፍ ሁሉ የጥላውም ግማሽ በየተራ ይረፍ።

5. ደረቅ ቅርንጫፍ በልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በክረምት ሌላው ቅርንጫፍ ለምልሞ ቅጠል ያላወጣውን እንለይ፤ ዛፍ መውጣት የሚያውቅ ሰው በጥንቃቄ ይቁረጠው። ከኃይለኛ ነፋስ በኋላም ሳናይ ልጆች አይግቡ። ሰማይ ሲያጉረመርም ደግሞ ከዛፍ ሥር ይውጡ፤ መብረቅ ረጅም ዛፍ ይመታልና።

6. መጫወቻውን በቅንጭብ ወይም በቁልቋል አንጠር። ወተታቸው ዐይን ይጎዳል። ጉሎም በአጠገቡ አይብቀል። ፍሬውን ያኘከ ልጅ ሊሞት ይችላል።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ገለባው ከአውድማ፣ ምሰሶው ከጓሮ፣ ጉልበቱ ከእኛ ነው። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። የተጎዳ ዋርካ ግን በአንድ ክረምት አያገግምም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። ዋርካ ለማሳደግ የሰው ዕድሜ አይበቃም፤ ያለውን ማቆየት ግን በእጃችን ነው። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህ ነው።

ልጆቻችን በጥላው ይጫወቱ! ጥላውም ለልጅ ልጆቻችን ይድረስ!

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የዋርካው ጫፍ የደረቀው በምን ምክንያት ነው? ሦስቱን ጻፉ።
2. እናትየዋ ልጆቹ እንዲባረሩ ያልፈለጉት ለምንድን ነው? እናንተስ ምን ትላላችሁ?
3. በመንደራችሁ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ያለው መሬት እንዴት ነው? ሄዳችሁ እዩና ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።