በባለ ካሴቱ ጌም ኮንትራን ለመጫወት፦ ደረጃ በደረጃ

ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የደብረ ታቦር ዝናብ ከደጅ አያስወጣም። ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠውን ባለ ካሴት ጌም አውርዱት። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኮንትራን በ1987 እ.ኤ.አ. ለመጫወቻ ቤት፣ በ1988 ደግሞ ለቤት ጌም አወጣው። እየሮጡ፣ እየዘለሉ የሚተኩሱበት ግሩም ጨዋታ ነው። ክፋቱ የደረሳችሁበትን አያስቀምጥም። መብራት ከሄደ ከሀ ትጀምራላችሁ።

አዘጋጁ፦ ማሽኑን፣ አዳፕተሩን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ የኮንትራ ካሴት፣ የኤቪ ገመድ፣ ስታቢላይዘር፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ እና አልኮል።

1. አዳፕተሩን ከሶኬት ንቀሉ።

2. ጥጡን በአልኮል አርጥባችሁ የካሴቱን ጥርሶች ጥረጉ። በአፍ እፍ አትበሉበት፤ እርጥበቱ ያዝገዋል።

3. እስኪደርቅ ጠብቁ። በዚህ ብርድ ትንሽ ይቆያል።

4. ካሴቱን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ማሽኑ በርቶ ሳለ ካሴት አታስገቡ፤ አታውጡም።

5. ቢጫውን ገመድ ከቢጫው፣ ነጩን ከነጩ ቀዳዳ ሰኩ።

6. አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ከማሽኑ ሥር ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። የመደመርና የመቀነስ ምልክቱም መግጠም አለበት። ካልገጠመ አትሰኩት፤ ማሽኑ ሊቃጠል ይችላል።

7. አዳፕተሩን ስታቢላይዘሩ ላይ ሰኩ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ሊል ይችላል።

8. ቴሌቪዥኑን በሪሞት ወደ ኤቪ ቀይሩ።

9. ማሽኑን አብሩ። ምስሉ ከተዘበራረቀ አጥፉና ካሴቱን አውጥታችሁ መልሱ።

10. እጃችሁን አሙቁ። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ጣት ያደርቃል፤ የደረቀ ጣት ደግሞ ዘግይቶ ይዘላል።

11. የጌሙ ስም ሲወጣ ይህን በተራ ተጫኑ፦ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። ለሁለት ከሆናችሁ ሴሌክት ጨምሩ። ከዚያ ስታርት። በ3 ነፍስ ፋንታ 30 ታገኛላችሁ። አታፍሩበት፤ አንዲት ጥይት በምትገድልበት ጌም 30ውም ይፈለጋል።

12. ወደ ቀኝ ሩጡ። ድልድዩ ላይ አትቁሙ፤ ይፈነዳል። ውሃ ውስጥ ብትወድቁ አትሞቱም። ታች ስትጫኑ ትጠልቃላችሁ፤ ጥይትም አያገኛችሁም።

13. ኤስ የተጻፈበትን መሣሪያ ውሰዱ። አምስት ጥይት በአንዴ ይበትናል። እሱን ከያዛችሁ በኋላ ኤል ወይም ኤፍ አትንኩ፤ ይቀይርባችኋል። ከሞታችሁም መሣሪያው ይሄዳል።

14. የተተከሉትን መድፎች ቦታቸውን በቃል ያዙ። ሁልጊዜ እዚያው ናቸው። ጥይታቸውን አሳልፉ፤ ከዚያ ዝለሉና ተኩሱ። ቡሄ ላይ ጅራፍ ያጮኸ እጅ ይህችን ቅጽበት ያውቃታል።

15. የመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ካለው ግድግዳ አስቀድማችሁ መድፎቹን፣ ቀጥሎ ከታች ያለውን ቀዩን ዓይን ምቱ።

16. ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የኤሌክትሪኩን አጥር አትንኩ። ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ምቱ፤ ሲፈርስ አጥሩ ይጠፋል።

17. ሦስተኛው ምዕራፍ ፏፏቴ ነው። እኩል ውጡ። አንዱ ከቀደመ ስክሪኑ አብሮት ይወጣል፤ ከታች የቀረው ይሞታል። ወንድምና እህት የሚጣሉት እዚህ ነው። የቀደመው ቆሞ ይጠብቅ።

18. የቀሩት 5 ምዕራፎች ናቸው። መብራት ሳይሄድ ቀጥሉ።